አሥር ደቂቃ ያልሞላው ፍለጋ፦ የፕሬዚዳንቱ የቬንሞ አካውንት

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2021፣ ዓርብ ዕለት፣ ኒውዮርክ ታይምስ ስለ ያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የሥራ ጠባይና የውሳኔ አሰጣጥ ረዘም ያለ ዘገባ አወጣ። በዘገባው መካከል አንዲት ትንሽ ነገር ጣል ተደርጋለች፦ ፕሬዚዳንቱ ለልጅ ልጆቻቸው ቬንሞ በተባለ የስልክ ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ገንዘብ ልከው ያውቃሉ። አያት ለልጅ ልጁ ገንዘብ ቢልክ ምን ዜና አለው? አብዛኛው አንባቢ ፈገግ ብሎ ሳያልፈው አልቀረም። ባዝፊድ ኒውስ የተባለው የዜና ድርጅት ጋዜጠኞች ግን አላለፉትም። የፕሬዚዳንቱን አካውንት መፈለግ ጀመሩ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላም አገኙት።

ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥኩት ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ የቆየ ነገር በውስጡ ስላለ ነው። በስልክ ገንዘብ ስለመላክ ስንመካከር ምክራችን ሁሉ የሚያተኩረው በገንዘቡ ላይ ነው። የይለፍ ቃልህን ለማንም አትስጥ፣ በአጭር መልእክት የመጣልህን የማረጋገጫ ቁጥር አትናገር፣ የተቀባዩን ቁጥር ደግመህ አይተህ ላክ እንባባላለን። ትክክለኛ ምክሮች ናቸው፤ እኔም እደግማቸዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን ጠፋ የተባለ አንድ ሳንቲም የለም። የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ። እኔ ይህ መረጃ ከገንዘቡ እኩል ጥበቃ ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ወደፊት ለሚመጣው ሌባ መንገድ የሚጠርገው እሱ ነውና።

ፍለጋው እንዴት ተካሄደ

ማንም ሰው የማንንም ስልክ ሰብሮ አልገባም። የተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ የተገዛ መረጃ፣ ውስጥ አዋቂ ሠራተኛ የሚባል ነገር የለም። ጋዜጠኞቹ የተጠቀሙባቸው ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የመተግበሪያው የራሱ የስም መፈለጊያ፣ ሌላው ለሁሉም ሰው የሚታየው የጓደኞች ዝርዝር። ሁለቱም ማንኛውም ተጠቃሚ በጣቱ የሚነካቸው ናቸው።

በአንድ ታዋቂ ሰው ስም የተከፈቱ አካውንቶች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀልደኛም ይከፍታል፣ አጭበርባሪም ይከፍታል፣ ሞክሼም ይኖራል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው ፎቶው አይደለም፤ ፎቶ ማንም ይለጥፋል። የሚለየው በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው። አንድ አካውንት ከልጅ፣ ከልጅ ልጅ፣ ከቅርብ ረዳት ጋር ከተያያዘ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። መንገዱ ወደ ኋላም ይሠራል፦ የአንድ ዘመድ አካውንት ከተገኘ በዚያ ሰው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ወደ ዋናው ሰው መድረስ ይቻላል። ዋናው ሰው ቢጠነቀቅ እንኳ ዘመዱ ካልተጠነቀቀ በሩ ክፍት ነው።

ባዝፊድ በዚህ መንገድ ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ የባይደን ቤተሰብ አባላትን አገኘ፤ የቀዳማዊት እመቤቲቱ የጂል ባይደን አካውንትም ከእነዚህ መካከል ነበረ። ከእነሱ በመነሳት የልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ የዋይት ሐውስ ከፍተኛ ባለሥልጣናትንና የእነዚህን ሁሉ የቬንሞ ጓደኞች የሚያሳይ የግንኙነት መረብ ለመዘርጋት ቻለ። የድርጅቱ ጋዜጠኞች የአካውንቶቹን መጠሪያ በዘገባቸው አላወጡም፤ ምክንያታቸው የአገር ደኅንነት ነው። አሥር ደቂቃ ለማይሞላ ሥራ የአገር ደኅንነት የሚያህል ስጋት መምጣቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቀድሞ የደረሰው ጋዜጠኛ ሆነና ስሞቹን ሸሸገ። ሌላ ቢሆን ኖሮስ?

መተግበሪያው ለምን እንዲህ ሆነ

ቬንሞን እ.ኤ.አ. በ2009 የመሠረቱት አንድሩ ኮርቲና እና ኢቅራም ማግዶን ኢስማኢል የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ሐሳቡ የመነጨው ከተራ ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን ሊጠይቅ ሄዶ የኪስ ቦርሳውን ረስቶ በመምጣቱ። የተበደረውን በቼክ መመለስ አሰልቺ ሆነባቸውና በአጭር መልእክት ገንዘብ የሚላላኩበትን ዘዴ ሠሩ። ድርጅቱን በ2012 ብሬንትሪ የተባለ የክፍያ ኩባንያ ገዛው፤ በ2013 ደግሞ ብሬንትሪን ፔይፓል የተባለው የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት ሲገዛ ቬንሞም አብሮ ተጠቀለለ።

የጓደኛሞች መተግበሪያ ሆኖ መወለዱ ጠባዩን ወሰነው። ገንዘብ የሚልክ ሰው «ለምን እንደላኩት» የሚጽፍበት ቦታ ይመጣለታል፤ ያንን ሳይሞላ መላክ አይችልም። ከዚያ ክፍያው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ እንደምናየው ዓይነት፣ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ገጽ ላይ ይለጠፋል። የላኪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ሰዓቱና የተጻፈው ማስታወሻ ይታያል። የገንዘቡ መጠን አይታይም። ብዙ ሰው «መጠኑ ካልታየ ምን ቸገረኝ» ያለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ግን እስቲ እናስብ፦ አንድ ሰው በየወሩ መጀመሪያ ለአንድ ሌላ ሰው «ኪራይ» ብሎ ቢልክ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ለአንድ ባለሙያ «ሕክምና» ብሎ ቢልክ፣ መጠኑን ሳናውቅ ስለዚህ ሰው ያላወቅነው ምን ቀረ? ከማን ጋር እንደሚኖር፣ በየትኛው ቀን ከቤት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚያመው ሳይቀር አውቀናል።

ሌላው የጓደኞች ዝርዝር ነው። አዲስ ተጠቃሚ መተግበሪያውን ሲከፍት በስልኩ ውስጥ የተመዘገቡትን ስሞችና ቁጥሮች እንዲያይለት ፈቃድ ይጠየቃል። «እሺ» ካለ በስልኩ ያሉት ሰዎች ሁሉ፣ ቬንሞ እስካላቸው ድረስ፣ ጓደኞቹ ሆነው ይሰለፋሉ። የሚያውቃቸውን ሰዎች ለማግኘት ይመቻል። ነገር ግን የስልክ ማውጫ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሐኪም አለበት፣ ጠበቃ አለበት፣ ከዓመታት በፊት የተለየነው ሰው አለበት፣ የልጃችን አስተማሪ አለበት። ማውጫው የሕይወታችን ግልባጭ ነው፤ በአንዲት «እሺ» ደግሞ ለማያውቀን ሰው የሚነበብ ዝርዝር ይሆናል። ከሁሉ የከፋው፣ በሜይ 2021 አንድ ተጠቃሚ ክፍያዎቹን በሙሉ የግል ቢያደርግ እንኳ ይህን ዝርዝር የሚደብቅበት ምንም አማራጭ አልነበረም። ማንም ተጠንቃቂ ሰው ሊዘጋው የማይችለው በር ነበር።

ማስጠንቀቂያው አልጎደለም

ድርጅቱ ሳያውቅ ተያዘ ለማለት አይቻልም። በፌብሩዋሪ 2018 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በቬንሞ ላይ ባቀረበው ክስ ከፔይፓል ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ክፍያዎቼ አይታዩብኝ ያለ ሰው ሁለት የተለያዩ ቅንብሮችን መቀየር ነበረበት። አንዱን ብቻ ቀይሮ «ተዘጋ» ብሎ ያረፈ ሰው፣ ገንዘብ የተላላከው ሌላው ወገን በሚያደርገው ምርጫ ክፍያው ለሕዝብ ሊታይ ይችል ነበር፤ ድርጅቱ ደግሞ ይህን በግልጽ አላስረዳም። ሌላው ነጥብ ደግሞ ገንዘብን ራሱን የሚመለከት ነው፦ መተግበሪያው ለተጠቃሚዎች ገንዘብ እንደገባላቸው፣ ወደ ባንካቸውም ለማዛወር ዝግጁ እንደሆነ ይነግራቸው ነበር፤ ወደ ባንክ ሊያዛውሩ ሲሉ ግን ክፍያው ገና ይመረመርና ሊታገድ ወይም ሊመለስ ይችል ነበር። ገንዘቡ ገብቷል ብለው ዕቃቸውን አስረክበው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

በዚያው ዓመት በርሊን የምትኖረው ተመራማሪ ሃንግ ዶ ቲ ዱክ በ2017 የተካሄዱ 207,984,218 የቬንሞ ክፍያዎችን ሰብስባ አጠናች። ሁሉም ለሕዝብ ክፍት የነበሩ ናቸው፤ ለመሰብሰብ ምንም መስበር አላስፈለጋትም። ከማስታወሻዎቹ ብቻ ተነስታ የጥንዶችን ፍቅርና ጠብ፣ የአንድ ዕፅ ሻጭን ገበያ፣ የአንዲት ወጣትን የዕለት አመጋገብ መተረክ ቻለች። በ2019 ደግሞ ዳን ሳልመን የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሰባት ሚሊዮን ክፍያዎችን በስድስት ወር ውስጥ ሰብስቦ ችግሩ እንዳልተነካ አሳየ። በኦገስት 2019 ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ እና ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች መብት የሚሟገተው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን በጋራ ለቬንሞ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ክፍያ ከመነሻው የግል ይሁን፤ የጓደኞች ዝርዝር የሚደበቅበት መንገድ ይበጅ።

ሁለተኛው ጥያቄ ያለ ምላሽ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው እንግዲህ የፕሬዚዳንቱ አካውንት የተገኘው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

በዕለቱ ከባይደን አካውንት ላይ ጓደኞቹ በሙሉ ተሰረዙ፤ ብዙ ሳይቆይ አካውንቱ ራሱ ከመተግበሪያው ጠፋ። ሁለት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ፣ በሜይ ወር መጨረሻ፣ ቬንሞ የጓደኞችን ዝርዝር ለሁሉም፣ ለጓደኞች ብቻ ወይም ለራስ ብቻ የማድረግ አማራጭ አመጣ። ከዚህ ጋር፣ ስምህ በሌሎች ሰዎች ዝርዝር ላይ እንዳይታይ የምታደርግበት አማራጭም ተጨመረ። ለእኔ ከሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ የአንድን ሰው ምሥጢር ከጓደኞቹ ቸልተኝነት ያላቀቀው እሱ ስለሆነ። በጁላይ 2021 ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ክፍያ የሚታይበት ዓለም አቀፉ ገጽ ተነሳ። ተመራማሪዎች ለዓመታት የለመኑት ነገር አንድ አያት ለልጅ ልጆቹ ገንዘብ ስለላከ በሳምንታት ውስጥ ተፈጸመ። ደስ ይለኛል፣ ያሳዝነኛልም። በ2017 ሕመሙንና ጠቡን ሳያውቅ ያሰጣው ተራ ሰው ፕሬዚዳንት አልነበረማ።

ለተራ ሰው ምኑ ነው?

«እኔ ፕሬዚዳንት አይደለሁም፤ የማን ጓደኛ እንደሆንኩ ቢታወቅ ማን ይጎዳኛል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መልሱ ያለው አጭበርባሪው ዛሬ በሚሠራበት ዘዴ ውስጥ ነው።

አንድ አረጋዊ ስልካቸው ላይ መልእክት ይደርሳቸዋል እንበል። «አያቴ፣ ስልኬ ጠፍቶብኝ በጓደኛዬ ስልክ ነው የምጽፈው። የዚህን ወር ኪራይ እባክዎ ወደዚህ አካውንት ይላኩልኝ።» ስም የሌለበት እንዲህ ያለ መልእክት ብዙ ሰው ይጥለዋል። ነገር ግን የልጅ ልጃቸው ስም በትክክል ቢጻፍ፣ አያት በየወሩ መጀመሪያ እንደሚልኩለት ቢታወቅ፣ «ኪራይ» የምትለው ቃል ቀድሞ ራሳቸው ይጽፏት የነበረችው ብትሆን፣ የጓደኛውም ስም እውነተኛ ቢሆን? አረጋዊው የሚጠራጠሩበት ቀዳዳ አይቀርም። አጭበርባሪው ይህን ሁሉ ለማወቅ የጓደኞች ዝርዝርና የተለጠፉ ማስታወሻዎችን ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት ነው «ገንዘብ አልጠፋም» የሚለው መጽናኛ የማይዋጥልኝ። ዛሬ የወጣው ዝምድና የነገው ማታለያ ጥሬ ዕቃ ነው።

ጉዳቱ ከደረሰ ማስመለስ ከባድ መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል። በአሜሪካ የ1978ቱ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ አንድ ሰው ሳያውቅ ሌላ ሰው ከሒሳቡ ላወጣበት ገንዘብ ጥበቃ ያደርጋል። ተታልሎ በራሱ ጣት የላከውን ግን በአብዛኛው አይሸፍንም። አረጋዊው «ላክ» የሚለውን የነኩት ራሳቸው ናቸው፤ ሕጉ የሚያየው ያንን ነው።

እኔ ያደረግኩት

ይህን ጉዳይ አንብቤ እንደጨረስኩ የራሴን ስልክ ከፍቼ የምጠቀምበትን የገንዘብ መላኪያ ፈተሽኩ። ለስልኬ ማውጫ ፈቃድ መስጠቴን ፈጽሞ አላስታውስም ነበር፤ ፈቃዱ ግን ከተሰጠ ቆይቷል። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ገብቼ ነፈግኩት። ያኔ ያወቅኩት ነገር፣ ፈቃዱን መንፈግ ቀድሞ የተወሰደውን ዝርዝር እንደማያጠፋ ነው። የተሰለፉትን ስሞች አንድ በአንድ መሰረዝ ነበረብኝ። ያለፉ ክፍያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ወደፊት የሚደረጉትን የግል ማድረግ የቆዩትን አይሸፍናቸውም። ቬንሞ ላይ ያለፉትን በሙሉ በአንድ ጊዜ የግል የሚያደርግ ለብቻው የተቀመጠ ምርጫ አለ፤ ሰው ግን ካልፈለገው አያገኘውም።

ማስታወሻ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ከዚያ ወዲህ ምንም የሚናገር ቃል አልጽፍም። «ምስጋና» ብዬ እልካለሁ፤ ምክንያቱን ለተቀባዩ በስልክ እነግረዋለሁ። ስልኩ ራሱ ሌላ ጥቅም አለው። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ፣ ከመላኬ በፊት፣ ቀድሞ በማውቀው ቁጥር ደውዬ ድምፁን እሰማለሁ። መልእክቱ በመጣበት ቁጥር መልሶ መደወል ዋጋ የለውም፤ የሚያነሳው ያው የጻፈው ሰው ነውና። የተለወጠ አካውንት ሲነገረኝ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ልኬ መድረሱን ከሰውየው አፍ እስክሰማ እጠብቃለሁ።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። የባይደንን አካውንት ያጋለጠው የስም መፈለጊያ፣ ገንዘባችን ወደ ትክክለኛው ሰው እንዲሄድ የሚረዳንም ነው። ስሙን፣ ፎቶውንና ጓደኞቹን የደበቀ ተቀባይ ለላኪው ባዕድ ይመስላል፤ ላኪው በምን ያረጋግጥ? ሙሉ በሙሉ መደበቅና በቀላሉ መታወቅ አብረው አይሄዱም። በአካል መገናኘት ከተቻለ የተቀባዩን ኪውአር ኮድ ከራሱ ስልክ ላይ ማንሳት ችግሩን ያቃልለዋል፤ ስም መፈለግ አያስፈልግም፣ በአንድ ፊደል ስህተት ወደ ሌላ ሰው መላክም የለም። ርቀት ሲኖር ግን ወደ ስልክ ጥሪው መመለስ ነው።

ዝርዝሩ እንደገና ሲገኝ

ጉዳዩ በ2021 አልተዘጋም። በጁላይ 2024 ዋየርድ መጽሔት ያኔ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩትን የጄዲ ቫንስን የቬንሞ አካውንት ክፍት ሆኖ አገኘው፤ ከ200 በላይ ሰዎች በዝርዝሩ ላይ ይታዩ ነበር። ዝርዝሩን የሚደብቀው አማራጭ ከመጣ ሦስት ዓመት አልፎታል።

በማርች 2025 ደግሞ የያኔው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ማይክል ዋልዝ፣ ሲግናል በተባለው የመልእክት መተግበሪያ ላይ አንድ ጋዜጠኛ ስለ ጦር ዘመቻ ወደሚነጋገሩበት ቡድን በመግባቱ ብርቱ ወቀሳ ላይ ነበሩ። በዚያው ሳምንት ዋየርድ በእሳቸው ስም የተከፈተ የቬንሞ አካውንት አገኘ። ክፍት በሆነው ዝርዝር ላይ ከ300 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ጋዜጠኞች፣ የጦር መኮንኖችና የዋይት ሐውስ ባልደረቦች ይገኙበታል። መጽሔቱ አስተያየት እንዲሰጠው ዋይት ሐውስን ጠየቀ። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ዝርዝሩ ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ።